ሰልፉን ያስረዘመው አጥሩ ነው

(አዳማ ላይ ለጉዞ ወኪል ሠራተኞችና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ከአዳማ ተነስቶ ለእኩለ ሌሊት በረራ ወደ ቦሌ የሚሄድ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ፈጣን መንገዱ ከ80 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ተጓዡ ግን እንዲህ ያሰላል፤ ለመንገዱ ሁለት ሰዓት፣ አየር መንገዱ ቀድመህ ድረስ ላለው ሦስት ሰዓት፣ በዚያ ላይ ደግሞ አንድ ሰዓት ለፍርሃት። «ሰልፉ እንዴት እንደሚሆን ማን ያውቃል» ይላል። እናት ድፎውን ቀድማ ትደፋለች፣ ጎረቤት ቀድሞ ይመጣል፣ ምርቃቱም በጥድፊያ ያልቃል። ከስንብቱ ላይ የተቆረጠችው ያቺ አንድ ሰዓት ታንገበግበኛለች። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ እርሷ ነው።

ለብዙ ዓመታት መንገደኛ ከበረራ በፊት ከሚመዘገብበት ከቼክ ኢን ጠረጴዛ ጀርባ ቆሜ ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህም ሥራዬ የመንገደኛ ማስተናገጃ ሥርዓቶችን መትከል ነው። ዛሬም ድረስ ከዓይኔ ያልጠፋ ነገር አለ። ሁለት ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን ናቸው። በአንደኛው ፊት ሻንጣ በጋሪ የጫኑ፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ፓስፖርታቸውን በፌስታል የጠቀለሉ ሰዎች እስከ በሩ ድረስ ተሰልፈዋል። በሌላኛው ፊት ማንም የለም፤ ሠራተኛዋ በረራዋን ሸኝታ ወረቀቷን እየሰበሰበች ነው። ከሰልፉ መካከል አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ አንቺ ለምን አታስተናግጂንም?» አሏት። «አባባ፣ የእኔ ሌላ አየር መንገድ ነው» አለቻቸው። መልሷ ትክክል ነበር። አዛውንቱ ግን ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር፤ እኔም በልቤ ከእርሳቸው ጋር ነበርኩ።

ለምን እንደማትችል ላስረዳ። ከፊቷ ያለው ኮምፒውተር የሚያውቀው የራሱን አየር መንገድ ሥርዓት ብቻ ነው። ማተሚያው የሚያወጣው የዚያን አየር መንገድ የመሳፈሪያ ወረቀት ነው። የሻንጣ መለያውም፣ የይለፍ ቃሏም፣ ውሏም የዚያው ነው። በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም፤ የቆመው ግን አጥር ነው። ሰልፉን ያስረዘመው የሰው እጥረት ነው ብለን ስናማርር የኖርነው ይህን አጥር ሳናይ ነው።

አጥሩን ለማፍረስ የመጀመሪያው ትልቅ እርምጃ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። የኦሊምፒክ ዓመት ነበር፤ አገራችን ያልተካፈለችበት ኦሊምፒክ። ከየአህጉሩ የሚጎርፈውን እንግዳ ለማስተናገድ ለእያንዳንዱ አየር መንገድ የየራሱን ጠረጴዛና የየራሱን መስመር መዘርጋት የማይቻል ሆነ። ስለዚህ አየር መንገዶች በጋራ ያቋቋሙት ሲታ የተባለው የግንኙነት ድርጅት አንድ ጠረጴዛ ላይ የተለያዩ አየር መንገዶች ተራ በተራ የሚሠሩበትን የጋራ መሣሪያ አቀረበ። ጠዋት አንዱ ይገባበታል፤ ከሰዓት በኋላ ሌላው። ሐሳቡ ከዚያ በኋላ በዓለም ዙሪያ ተስፋፋ።

አጥሩ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በቁጥር ላሳያችሁ። ሁለት ጠረጴዛዎች አሉ እንበል። አንድን መንገደኛ ማስተናገድ በአማካይ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። ሁለቱም ሠራተኞች ከሰዓታቸው 80 በመቶውን በማስተናገድ ያሳልፋሉ። ሰዎች የሚመጡት እንደ መጀመሪያ የዝናብ ጠብታ ነው፤ አንዳንዴ ተከታትለው፣ አንዳንዴ ተራርቀው። ሁለቱ ሰልፎች ከተለያዩ አንድ ሰው ተራው እስኪደርስ በአማካይ 12 ደቂቃ ይቆማል። ሁለቱን አንድ ሰልፍ አድርጋችሁ ፊተኛው ሰው ቀድሞ ወደ ተለቀቀው ጠረጴዛ እንዲሄድ ብታደርጉ ቆይታው ወደ 5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይወርዳል። ሠራተኛ አልተቀጠረም፣ ጠረጴዛ አልተገዛም፣ ማንም ከአቅሙ በላይ አልተጣደፈም። የዚህን ሒሳብ መሠረት የጣለው ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው። በኮፐንሃገን የስልክ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር፤ የመጀመሪያ ጽሑፉንም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። እርሱን ያስጨነቀው የስልክ ጥሪ ነበር፤ ሒሳቡ ግን ሻንጣ ይዞ ለቆመ ሰውም እኩል ይሠራል። የሒሳብ ተማሪዎች ቤታችሁ ገብታችሁ አስሉት፤ የምነግራችሁን በእምነት ብቻ እንድትቀበሉኝ አልፈልግም።

ሌሎቻችሁ ደግሞ ባንክ ገብታችሁ የምታዩት ነው። ቁጥር ቆርጣችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ቀድሞ የተለቀቀው መስኮት ይጠራችኋል። በየመስኮቱ ለየብቻ ስንሰለፍ የጎኑ ሰልፍ ሁልጊዜ የፈጠነ ይመስለን የነበረው ጊዜ አለፈ።

አሁን ወደ ማሽኑ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አየር መንገዶች መንገደኛው ራሱ የሚስተናገድባቸውን ኪዮስክ የሚባሉ ማሽኖች መትከል ጀመሩ። ጥሩ ነገር ነበር፤ ግን እያንዳንዱ የራሱን ተከለ። የዚህኛው ቀይ፣ የዚያኛው ሰማያዊ፤ ተርሚናሉ ውስጥ በረድፍ የቆሙት የአንዱ ኪዮስኮች ሥራ ሲፈቱ የሌላው ፊት ሰው ተደራርቦ ይቆማል። ያው አጥር ነው፤ ልዩነቱ በብረት መሠራቱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር አያታ ለጋራ ኪዮስክ የሚሆን መስፈርት አወጣ። የካናዳው ቫንኩቨር ቀድመው ከተከሉት አየር ማረፊያዎች አንዱ ነው። ማሽኑ የአየር ማረፊያው ነው፤ በውስጡ የሚሠራውን ፕሮግራም ግን እያንዳንዱ አየር መንገድ ይጽፋል። መንገደኛው የአየር መንገዱን ምልክት ሲነካ ማሽኑ ለዚያች ቅጽበት የዚያ አየር መንገድ ይሆናል።

ይህን ለመረዳት ኤቲኤምን አስቡ። የአንዱን ባንክ ካርድ ይዘን የሌላው ባንክ ማሽን ፊት ስንቆም ካርዳችን እንግዳ ይሆንበት የነበረው ዘመን ሩቅ አይደለም። ኢትስዊች የተባለው ድርጅት የባንኮቹን ማሽኖች ማገናኘት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ዛሬ አዳማ ውስጥ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ማሽኑ የማን እንደሆነ ላያስተውል ይችላል፤ ካርዱ የእርሱ መሆኑ ይበቃዋል። ባንኮቹ ፉክክራቸውን አልተዉም፤ የተጋሩት ማሽኑን ብቻ ነው። ባንኮቻችን የቻሉትን አየር ማረፊያዎቻችን የማይችሉበት ምክንያት አይታየኝም።

ኪዮስኩ ፊት ስትቆሙ ምን ይሆናል? ፓስፖርታችሁን ትከፍቱና የፎቶውን ገጽ በመስታወቱ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ከገጹ ግርጌ ሁለት መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 44 ምልክቶች አሏቸው። ለሰው ዓይን ትርጉም የማይሰጡ ይመስላሉ፤ ለማሽኑ ግን ስማችሁ፣ ዜግነታችሁ፣ የትውልድ ቀናችሁ፣ ፓስፖርቱ የሚያበቃበት ቀን ሁሉ እዚያ ነው። በመካከላቸው መቆጣጠሪያ አኃዞች አሉ፤ ቁጥሮቹ በ7፣ በ3 እና በ1 እየተባዙ ተደምረው የሚገኙ ናቸው። ካሜራው ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱን ቢያሳስት ሒሳቡ ስለማይገጥም ስህተቱ ይያዛል። ከዚያ ማሽኑ ወደ አየር መንገዱ የመነሻ መቆጣጠሪያ ሥርዓት ጥያቄ ይልካል፤ ቦታ ማስያዣችሁን ያገኛል፤ ወደምትሄዱበት አገር ለመግባት ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ ያያል፤ ወንበር ያስመርጣችኋል። በመጨረሻም የመሳፈሪያ ወረቀቱንና የሻንጣ መለያውን ያትማል። በመለያው ላይ አሥር አኃዝ ያለው ቁጥር አለ። ከመጀመሪያው አኃዝ ቀጥለው የሚመጡት ሦስቱ የአየር መንገዱ መለያ ናቸው፤ 071 ካያችሁ ሻንጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው።

ይህ ሁሉ የሚቻል የሆነው ትኬቱ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ከተሻገረ በኋላ ነው። የአያታ አባል አየር መንገዶች ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2008 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ወደ ኤሌክትሮኒክ ትኬት ገቡ። ከዚያ በፊት የነበረውን በቅጠል በቅጠል የሚገነጠል ትኬት ከእናንተ መካከል የሚያስታውሱ ይኖራሉ፤ ጠፋ ማለት ገንዘብ ጠፋ ማለት ነበር።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ የትም አገር ሊነገር ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማሽኑ የእኛን ሰው ሲያገኝ የሚሆነው ነው።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ አየር ማረፊያ ኪዮስኮች አጠገብ ቆሜ ነበር። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ፓስፖርታቸውን ደጋግመው ያስቀምጣሉ፤ ማሽኑ ደጋግሞ «ቦታ ማስያዣ አልተገኘም» ይላል፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ወደ እኔ ዞር ብለው «ልጄ፣ አላውቅሽም እያለኝ ነው?» አሉኝ። ትኬታቸውን ተቀብዬ አየሁት። ስማቸው ከማርያም ጋር የተጣመረ ስም ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ሁለት ቃል፣ ትኬቱ ላይ አንድ ቃል ተደርጎ ተጽፏል። በመካከል የነበረችው ባዶ ቦታ ናት ያላስተዋወቀቻቸው። «እማማ፣ እርስዎን ያውቅዎታል፤ አጻጻፉ ነው» አልኳቸው። እርሳቸው ግን ማሽኑን ትተው ሰልፉ ውስጥ ገቡ። እንደ ባለሙያ ያፈርኩበት ቀን ነው።

ስማችንን ለማሽን ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቅጾቹ ሁሉ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አላቸው። እኛ ግን የራሳችን ስም አለን፣ የአባታችን ስም አለን፣ የአያታችን ስም አለን፤ እንደ ፈረንጅ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርድ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ትኬት ቆራጭ የአባትን ስም እዚያ ሳጥን ውስጥ ያስገባል፤ ሌላው የአያትን። ኃይለ ሥላሴ፣ ገብረ መድኅን፣ ወልደ ሚካኤል በላቲን ፊደል ሲጻፉ አንዳንዱ ያጣምራቸዋል፣ አንዳንዱ ይለያቸዋል። በዚያ ላይ በመሳፈሪያ ወረቀቱ ባርኮድ ውስጥ ለስም የተመደበው ቦታ 20 ምልክት ብቻ ነው። ገብረእግዚአብሔር የሚለው ብቻውን በላቲን ከአሥር ፊደል ያልፋል፤ ሌላ ስም ሲጨመርበት ጫፉ ይቆረጣል። የትውልድ ቀንም አለ፤ በእኛ የዘመን አቆጣጠር የተናገረውንና በፓስፖርቱ የተጻፈውን ያምታታ ሰው ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ስለዚህ ለጉዞ ወኪል ሠራተኞች አንድ ልመና አለኝ። ትኬት ስትቆርጡ የደንበኛችሁን ስም ከአፉ ሰምታችሁ አትጻፉ፤ ከመታወቂያም አትገልብጡ። ፓስፖርቱን አስከፍቱና ከግርጌው ሁለት መስመሮች ላይ ፊደል በፊደል ቅዱ። ሁለት ደቂቃ ትወስድባችኋለች፤ እነዚያን እናት ግን ሰልፍ አታስገባቸውም።

የቋንቋው ነገር ከዚህ ይቀልላል፤ ይቀልላል ስል ግን ተሠርቷል ማለቴ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አፋን ኦሮሞ ደግሞ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የፊደል ችግር እንኳን የለበትም። የሚታተመው ወረቀት በላቲን መሆኑ ግድ ነው፤ በማያ ገጹ ላይ ግን አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ እንዳይታይ የሚከለክል ምንም የለም። ማንበብ ለማይችል ሰው ድምፅ ይጨመር። ወደ አረብ አገር ለሥራ የምትሄድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን የምታይ ልጅ ማሽኑ በቋንቋዋ ቢያናግራት ልቧ ምን ያህል እንደሚያርፍ አስቡት። የጋራ ሥርዓት እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አየር ማረፊያው አማርኛና አፋን ኦሮሞ የግድ ይኑር ብሎ መስፈርት ካስቀመጠ ትእዛዙ እዚያ ለሚሠራ አየር መንገድ ሁሉ ይደርሳል። ሁሉም በየራሱ ማሽን ሲሠራ ግን ማን ማንን ይጠይቃል?

ሻንጣውንስ? በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቡናው፣ ድርቆሹ የታጨቀበትን የእኛን ሻንጣ ማለቴ ነው። ሰልፉ በአብዛኛው የሚቆመው በኮምፒውተሩ ምክንያት እንዳልሆነ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ሻንጣው ይመዘናል፣ ሦስት ኪሎ ይተርፋል፣ ይከፈታል፣ ሽሮው ወደ እጅ ቦርሳ ይዛወራል፣ እንደገና ይመዘናል፤ ከኋላ ሃምሳ ሰው ቆሞ ያያል። ኪዮስክ ይህን አይፈታም። ስለዚህ በጀት ሰጥተው ከምን ልጀምር ቢሉኝ ከሁሉ በፊት የምተክለው ከሰልፉ በፊት የሚገኝ ነፃ ሚዛን ነው፤ ከጎኑም ሻንጣ ከፍቶ የሚያስተካክሉበት ሰፊ መደብ። ቴክኖሎጂ አይመስልም፤ ግን ከብዙ ማሽን ይበልጣል።

ሰነድ ማጣራትም እንዲሁ የሰው ዓይን ይፈልጋል። ቪዛው ያልተሟላ መንገደኛ የጫነ አየር መንገድ ሰውየውን በራሱ ወጪ ይመልሳል፤ ቅጣትም ሊያገኘው ይችላል። በዚህ ምክንያት ማሽኑ ሲጠራጠር «ሠራተኛ ያነጋግሩ» ይላል፤ ልክ ነው። በእጅ ቦርሳ ብቻ የሚሄደው ነጋዴና ቪዛ የማያስፈልገው መንገደኛ በኪዮስኩ ሲያልፉ ሠራተኛዋ ጊዜዋን ለሚያስፈልጋቸው ታውላለች። ማሽን የሰው ሥራ ይነጥቃል ለምትሉ መልሴ ይህ ነው፤ ሠራተኛዋ ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥታ ሕዝቡ መካከል ትቆማለች። ማሽን ተክሎ ሠራተኛ የሚቀንስ አየር ማረፊያ ካለ ግን እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም።

አሁን ደግሞ የራሴን ሐሳብ የሚቃወመውን ላንሳ፤ መደበቁ ታማኝነት አይሆንም። የተጋራ ነገር ሲበላሽ ለሁሉም ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ሙስ በተባለው የኮሊንስ ኤሮስፔስ የጋራ ቼክ ኢን ሥርዓት ላይ የሳይበር ጥቃት ደረሰ። የለንደን ሂትሮው፣ ብራስልስና በርሊን በአንድ ጊዜ ተቸገሩ፤ ሠራተኞች በእጅ ወደ መጻፍ ተመለሱ፤ በረራዎች ዘገዩ፣ የተሰረዙም ነበሩ። አጥሩን ስታፈርሱ እሳቱም መተላለፊያ ያገኛል። መልሱ ግን አጥሩን መልሶ ማቆም አይደለም። ሥርዓቱ ቢወድቅ የሚሠራበት ሁለተኛ መንገድ ይኑር፤ ያም መንገድ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር ሠራተኞች በየጊዜው ይለማመዱት። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም የተሻለ እናውቃለን፤ ይህን ልምዳችንን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ሙያ ብንቆጥረው እወዳለሁ።

ለምን ይህን ንግግር አዳማ ላይ ማድረግ እንደፈለግኩ ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢሾፍቱ አካባቢ አቡሴራ ላይ አዲሱ አየር ማረፊያ ግንባታው በጥር 2018 ዓ.ም. ተጀምሯል። በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ ደግሞ 110 ሚሊዮን መንገደኞችን እንዲያስተናግድ ታቅዷል። ቦሌ እ.ኤ.አ. በ2019 ከተስፋፋ በኋላ አቅሙ 22 ሚሊዮን ነው። አዲሱ ከቦሌ ይልቅ ለእኛ ቀረብ ያለ ነው፤ ከእናንተ ከተማሪዎቹ ብዙዎቻችሁ እዚያ ትሠራላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የቆመ ግድግዳ ማፍረስ ከባድ ነው፤ ገና መሠረቱ በሚወጣበት ቦታ ግን አጥር አለመሥራት ይቻላል። የኤሌክትሪክና የመረጃ መስመሩ፣ የሻንጣው ተሸካሚ፣ የጠረጴዛው አቀማመጥ ከመጀመሪያው ለጋራ አገልግሎት ይታሰብ።

«ቦሌ ላይ አብዛኛው መንገደኛ የአንድ አየር መንገድ ነው፤ መጋራቱ ለማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚበሩ የውጭ አየር መንገዶች ጠረጴዛቸው የሚያስፈልጋቸው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ ቀሪውን ጊዜ ባዶ ነው። ትልቁ አየር መንገድ ደግሞ በረራዎቹ አንድ ላይ በሚነሱበት ሰዓት ቦታ ይጠበዋል። የአንዱ ባዶ ሰዓት የሌላው መጨናነቂያ ሰዓት ነው። የሚጋሩት ይህን ነው።

ከዚህ ሁሉ የምመኘው ግን አንድ ነገር አለ። የጋራ ኪዮስክ የግድ አየር ማረፊያ ውስጥ መቆም የለበትም። ሆንግ ኮንግ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ መንገደኞች ከተማው መካከል ባለው የባቡር ጣቢያ ቼክ ኢን አድርገው፣ ሻንጣቸውንም አስረክበው ሲሄዱ ኖረዋል። አዳማ መደበኛ በረራ የሚነሳበት አየር ማረፊያ የላትም፤ ሆቴልና የስብሰባ አዳራሽ ግን ሞልቷታል። የሻንጣውን ነገር ለጊዜው እንተወው፤ ከዚህ እስከ አውሮፕላኑ የጥበቃ ሰንሰለት ስለሚፈልግ ውድ ነው። በአንድ ሆቴል መግቢያ፣ በአንድ መናኸሪያ አጠገብ፣ ማንኛውንም አየር መንገድ የሚያስተናግድ አንድ ማሽን፣ ከጎኑ አንድ ሚዛን፣ ከሁለቱ ጋር ደግሞ አፋን ኦሮሞና አማርኛ የምትናገር አንዲት ሠራተኛ ይቁሙ። የስም ስህተት ካለ አዳማ ላይ ይታይ፣ ትኬቱን የቆረጠው ወኪል በእግር በሚደረስበት ቦታ ሳለ ይታረም። ትርፍ ኪሎ ካለ ሽሮው ወደ ቤት ይመለስ፤ እናት ገና አጠገብ ናት።

የማሽኑ ቦታ ከአንድ ካሬ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ መብራትና ኢንተርኔት ይፈልጋል። ከእናንተ መካከል የሆቴል ባለቤቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ አሁን የእናንተን ጥያቄ ልስማ፤ ከእነርሱም ብጀምር ደስ ይለኛል።